ተከታታይ ፊልሞች ስለምን ገበያ ያጣሉ? የታቀዱት ክፍሎችስ ስለምን ይሰረዛሉ?

የአሜሪካ ታላላቅ የፊልም ኩባንያዎች የአንድን ታሪክ ክፍል አንድ ለሕዝብ ከማሳየታቸው በፊት የክፍል ሁለትንና የክፍል ሦስትን የዕይታ ቀን ቆርጠው ማሳወቅ ከጀመሩ ረዘም ያለ ጊዜ ሆኗቸዋል። ይሁንና ከተቆረጡት ቀኖች በርካታዎቹ የተባለው ፊልም ሳይሠራ አልፈዋል። ተመልካቹም ፍጻሜውን ሳያውቅ የቀረባቸው ታሪኮች ጥቂት አይደሉም።

ጉዳዩን ከሩቅ ለሚከታተል ሰው አሠራሩ ግራ ማጋባቱ አይቀርም። ሶኒ ኩባንያ እ.ኤ.አ በ2014 ያወጣው "ዘ አሜዚንግ ስፓይደርማን 2" በዓለም ዙሪያ 709 ሚሊዮን ዶላር ያህል የቲኬት ሽያጭ ቢያስገኝም፣ አስቀድሞ ለ2016 እና ለ2018 ቀን የተቆረጠላቸው ሁለት ተከታዮቹ ተሰርዘዋል። በአንጻሩ ዩኒቨርሳል ኩባንያ በ2020 ያወጣው "ዘ ኢንቪዝብል ማን" (የማይታየው ሰው) 144 ሚሊዮን ዶላር ያህል ብቻ ሽጦ እንደ ታላቅ ስኬት ተቆጥሯል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ልዩነቱን ለመረዳት ሁለት ነገሮችን መመርመር ያስፈልጋል። አንደኛው ከቲኬት ሽያጩ ውስጥ ለኩባንያው የሚደርሰው ስንት እንደሆነ ነው። ሁለተኛው ደግሞ የተከታዮቹ ክፍሎች ዕቅድ የተመሠረተው ተመልካቹ በሰጠው ምላሽ ላይ ነው ወይስ ኩባንያው ገና ለገና በገመተው ላይ የሚለው ነው።

ሽያጭና ገቢ

በጋዜጦችና በድረ ገጾች የሚወጣው የአንድ ፊልም "ገቢ" ተመልካቾች በሲኒማ ቤቶች የከፈሉት ጠቅላላ የቲኬት ዋጋ እንጂ የኩባንያው ገቢ አይደለም። ከዚህ ገንዘብ ላይ ሲኒማ ቤቶቹ ድርሻቸውን ያነሳሉ። በአሜሪካ ውስጥ ለፊልም ኩባንያው የሚደርሰው በግምት ግማሹ ሲሆን፣ በአብዛኞቹ የውጭ አገሮች ግን ድርሻው ወደ 40 በመቶ ይወርዳል። በቻይና ደግሞ በ2012 በተደረሰው ስምምነት መሠረት ገቢ ተካፍለው የሚታዩ የውጭ ፊልሞች የሚያገኙት 25 በመቶውን ብቻ ነው።

በ2015 ለዕይታ የበቃው "ተርሚኔተር ጄኒሲስ" ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። የፊልሙ የማምረቻ ወጪ 155 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነበር። በዓለም ዙሪያ የተሸጠው ቲኬት ደግሞ 440 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ደርሷል። ቁጥሮቹን ብቻ ጎን ለጎን ለሚያስቀምጥ ሰው ትርፉ እጅግ ከፍተኛ ይመስላል። ነገር ግን ከሽያጩ 90 ሚሊዮን ያህሉ የተገኘው በአሜሪካ፣ 113 ሚሊዮን ያህሉ በቻይና፣ የቀረው በሌሎች አገሮች ነው። ከላይ በተገለጸው የድርሻ ስሌት መሠረት ለአምራቾቹ የሚደርሰው ከአሜሪካ 45 ሚሊዮን፣ ከቻይና 28 ሚሊዮን፣ ከሌሎች አገሮች 95 ሚሊዮን፣ በድምሩ 168 ሚሊዮን ዶላር ግድም ነው። ይህ የማምረቻ ወጪውን ከመሸፈን ብዙም የሚያልፍ አይደለም።

በማምረቻ ወጪው ውስጥ የማይካተተው የማስተዋወቂያ ወጪ ከዚህ ላይ ሲታከል ሥዕሉ ጭራሽ ይለወጣል። አንድን ትልቅ ፊልም በዓለም ዙሪያ ለማስተዋወቅና ለማሰራጨት የሚወጣው ገንዘብ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሊደርስ ይችላል። ከቴሌቪዥንና ከዲስክ ሽያጭ በኋላ የሚገኘው ገቢ ጉድለቱን ያቃልል ይሆናል እንጂ ለቀጣይ ክፍል መሠረት የሚሆን አይደለም። በመሆኑም ለ2017 እና ለ2018 ቀን ተቆርጦላቸው የነበሩት የፊልሙ ሁለት ተከታዮች ሳይሠሩ ቀርተዋል።

"የማይታየው ሰው" የተሠራው በአንጻሩ በ7 ሚሊዮን ዶላር ነው። ከሽያጩ ግማሽ ያህሉ እንኳ ቢደርሰው የወጪውን ብዙ እጥፍ መልሷል ማለት ነው። ስለሆነም የአንድ ፊልም ስኬት የሚለካው ምን ያህል ቲኬት ተሸጠ በሚለው ሳይሆን፣ የተሸጠው ከወጣበት ወጪ ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል ነው በሚለው ነው።

ፍጻሜው የተቆረጠው ፊልም

ዕቅድ ከተመልካች ምላሽ ሲቀድም የሚደርሰውን ጉዳት ከሁሉ በላይ የሚያሳየው የ"ዘ ጎልደን ኮምፓስ" (ወርቃማው ኮምፓስ) ታሪክ ነው። ፊልሙ እንግሊዛዊው ደራሲ ፊሊፕ ፑልማን ከጻፏቸው ሦስት ተያያዥ መጻሕፍት የመጀመሪያውን መሠረት ያደረገ ነው። አዘጋጁ ክሪስ ዋይትዝ ሲሆኑ፣ ያሠራው ኩባንያ ደግሞ በ1967 የተቋቋመው ኒው ላይን ሲኒማ ነው።

ኒው ላይን ከዚያ በፊት በ"ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ" ታሪካዊ ድል ያገኘ ኩባንያ ነበር። የዚያን ታሪክ ሦስት ክፍሎች በኒው ዚላንድ በአንድነት አስቀርጾ ከ2001 እስከ 2003 በየዓመቱ አንድ አንድ ያወጣ ሲሆን፣ ሦስቱ በጠቅላላው ወደ 3 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ቲኬት ሸጠዋል። የመጨረሻው ክፍል ብቻውን 11 የኦስካር ሽልማቶችን አግኝቷል። "ወርቃማው ኮምፓስ" ይህንኑ ድል እንደሚደግም ታሰበ። 180 ሚሊዮን ዶላር ተመድቦለት በታኅሣሥ 2007 ለዕይታ በቃ።

ኩባንያው ወጪውን ለመቀነስ ሲል የፊልሙን የውጭ አገር የማከፋፈል መብት ለየአገሩ አከፋፋዮች አስቀድሞ ሸጦ ነበር። ይህ አሠራር ሥጋትን ይቀንሳል፤ ሆኖም ፊልሙ በውጭ አገር ቢሳካ ትርፉ የአከፋፋዮቹ ይሆናል ማለት ነው። የሆነውም ይኸው ነው። ፊልሙ በውጭ አገሮች 300 ሚሊዮን ዶላር ያህል ቲኬት ሲሸጥ፣ የኒው ላይን ዋነኛ ተስፋ በነበረው በአሜሪካ ገበያ ግን የሸጠው 70 ሚሊዮን ዶላር ብቻ ነበር። ከዚህም ለኩባንያው የሚደርሰው ግማሽ ያህሉ ነው።

በአሜሪካ ገበያው ለምን ቀዘቀዘ ለሚለው ጥያቄ ሁለት ምክንያቶች ይጠቀሳሉ። የፑልማን መጻሕፍት የሃይማኖት ሥልጣንን አጥብቀው የሚተቹ በመሆናቸው፣ ካቶሊክ ሊግ የተባለው የአሜሪካ ማኅበር ምእመናን ፊልሙን እንዳያዩ ጥሪ አቀረበ። ኩባንያው ተቃውሞውን ለማለዘብ ሲል ትችቱን ከፊልሙ አሳሳ። ይህ ግን ተቃዋሚዎቹን ሳያስደስት የመጽሐፉን ወዳጆች ቅር አሰኘ።

ሁለተኛው ምክንያት ከዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ጋር ይበልጥ የተያያዘ ነው። መጽሐፉ የሚያልቀው በክህደትና በሐዘን ሲሆን፣ አንባቢውን ወደሚቀጥለው መጽሐፍ የሚገፋፋውም ይኸው ፍጻሜ ነው። የመጨረሻዎቹ ሦስት ምዕራፎች ለፊልሙ ተቀርጸው ነበር። ሆኖም ተመልካቹ በተስፋ ወደ ቤቱ እንዲመለስና ትዕይንቶቹም ለክፍል ሁለት መክፈቻ እንዲሆኑ ተብሎ ከፊልሙ ወጡ። የክፍል ሁለትን የፊልም ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ጸሐፊም ተቀጥሮ ነበር። ውጤቱ ግን ክፍል አንድ ያለ ፍጻሜ ቀረ፤ ፍጻሜው የተቀመጠለት ክፍል ሁለትም ሳይመጣ ቀረ።

ፊልሙ በየካቲት 24 ቀን 2008 በዕይታ ቅንብር ብልጫ የኦስካር ሽልማት ተቀበለ። ከአራት ቀናት በኋላ የባለቤቱ ድርጅት ታይም ዋርነር ኒው ላይን ራሱን ችሎ መሥራቱን አቁሞ በዋርነር ብራዘርስ ሥር እንደሚጠቃለል አስታወቀ። ኩባንያውን ለአርባ ዓመታት የመሩት መሥራቹ ሮበርት ሼይ ተሰናበቱ፤ ከሠራተኞቹም አብዛኞቹ ሥራቸውን አጡ። የውሳኔው ምክንያት ይህ አንድ ፊልም ብቻ ነው ማለት ባይቻልም፣ ኩባንያው የወደፊት ሕልውናውን ባሳረፈበት ሥራ አለመሳካቱ ውሳኔውን አፋጥኗል።

ለነገ የተቆጠበ ታሪክ

የ"ወርቃማው ኮምፓስ" ስህተት በሌሎች ኩባንያዎችም ተደግሟል። ስህተቱ በአጭሩ ሲገለጽ፣ ለዛሬው ተመልካች መሰጠት የሚገባውን ታሪክ ለነገው ክፍል መቆጠብ ነው።

ዩኒቨርሳል ኩባንያ በግንቦት 2017 "ዳርክ ዩኒቨርስ" (ጨለማው ዓለም) የሚል ስያሜ የሰጠውን የፊልሞች ሰንሰለት በይፋ አስተዋወቀ። ለሰንሰለቱ የራሱ ዓርማና ሙዚቃ ተዘጋጅቶለት ነበር። ቶም ክሩዝን፣ ራስል ክሮውን፣ ጆኒ ዴፕንና ሃቪየር ባርዴምን የያዘ የጋራ ፎቶግራፍም ተሰራጨ። በዚያን ጊዜ ከሰንሰለቱ አንድም ፊልም ለሕዝብ አልታየም ነበር። ሦስት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ የወጣው የመጀመሪያው ፊልም "ዘ ማሚ" በዓለም ዙሪያ 410 ሚሊዮን ዶላር ያህል ቢሸጥም፣ በአሜሪካ የሸጠው 80 ሚሊዮን ዶላር ብቻ ነበር። ፊልሙ ከራሱ ታሪክ ይልቅ ወደፊት ለሚመጡት ፊልሞች መግቢያ የሚሆኑ ገጸ ባሕርያትንና ተቋማትን በማስተዋወቅ ጊዜውን አባክኗል የሚል ብርቱ ትችት ደረሰበት። ለየካቲት 2019 ቀን የተቆረጠለት ሁለተኛው ፊልም በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር ላይ ተራዘመ፤ ሰንሰለቱም በዚያው ቆመ። "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" እንዲሉ ሆነ።

በዚያው ዓመት የወጣውና ስድስት ክፍሎች የታሰቡለት "ኪንግ አርተር" ደግሞ 175 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት የሸጠው ቲኬት ከ150 ሚሊዮን ዶላር በታች ነው። የቀሩት አምስት ክፍሎች ከዕቅድ አላለፉም።

"ዳይቨርጀንት" የተሰኘው ተከታታይ ፊልም ታሪክም ተመሳሳይ ነው። መነሻዎቹ ሦስት መጻሕፍት ነበሩ። ከዚያ በፊት "ሃሪ ፖተር" እና "ትዋይላይት" የመጨረሻ መጻሕፍታቸውን ለሁለት ከፍለው በመሥራት እጥፍ ገቢ ስላገኙ፣ ላየንስጌት ኩባንያም ሦስተኛውን መጽሐፍ ለሁለት ከፈለው። የመጀመሪያው ፊልም በ2014፣ ሁለተኛው በ2015 እያንዳንዳቸው ከ285 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሸጠው ነበር። በ2016 የወጣው የሦስተኛው መጽሐፍ የመጀመሪያ ግማሽ ግን ወደ 179 ሚሊዮን ዶላር ወረደ። የመጨረሻው ክፍል በቴሌቪዥን ፊልምነት እንዲሠራ ሐሳብ ቢቀርብም አልተሠራም። ታሪኩን ሲከታተል የቆየው ተመልካች ፍጻሜውን በፊልም ሳያይ ቀረ። አንድን መጽሐፍ ለሁለት መክፈል የሚያዋጣው ተመልካቹ የታሪኩን መጨረሻ በጉጉት የሚጠብቅ ከሆነ ብቻ መሆኑን ይህ አጋጣሚ አሳይቷል።

ተመልካች ሲሰለች

ሌላው ምክንያት የተመልካቹ መሰልቸት ነው። አንድ ታሪክ ተመልካች ስላገኘ ብቻ ሳይቋረጥ ቢቀርብ ተመልካቹ እንደማይቀንስ የሚገምቱ ኩባንያዎች ጥቂት አይደሉም። ይሁንና ተመልካቹ ዳግመኛ ቲኬት የሚገዛው የታሪኩን ስም ስለሚያውቅ ብቻ ሳይሆን አዲስ ነገር አያለሁ ብሎ ሲያምን ነው።

የ"ተርሚኔተር" ታሪክ ይህንን በግልጽ ያሳያል። በ1991 የወጣው ክፍል ሁለት 520 ሚሊዮን ዶላር ያህል የሸጠ ሲሆን፣ በወቅቱ ከታዩት ፊልሞች ሁሉ ታላላቅ ከሚባሉት አንዱ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን በ2009፣ በ2015 እና በ2019 የወጡት ሦስት ፊልሞች እያንዳንዳቸው የአዲስ ሦስት ክፍል ታሪክ መጀመሪያ እንዲሆኑ ታቅደው ነበር። ከሦስቱ አንዱም ሁለተኛ ክፍል አላገኘም። የ2009ኙን ፊልም ያሠራው ሃልሲዮን የተባለ ኩባንያ ፊልሙ በወጣ በጥቂት ወራት ውስጥ የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። የ2019ኙ ፊልም የመጀመሪያው ፈጣሪ ጄምስ ካሜሮንና ዋናዎቹ ተዋንያን አርኖልድ ሽዋርዘነገርና ሊንዳ ሃሚልተን ተመልሰውበት እንኳ የሸጠው 261 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ብቻ ሲሆን፣ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ኪሳራ እንደሚያስከትል በወቅቱ ተዘግቧል። ሦስት ጊዜ ያለፈውን እርሱ እያሉ ዳግመኛ የተነገሩት ታሪኮች ተመልካቹን "የቱን ልመን?" የሚያሰኙ ሆነው ነበር።

የጊዜ መጣበብም የራሱ ድርሻ አለው። ዲዝኒ "ሶሎ" የተሰኘውን የ"ስታር ዋርስ" ፊልም በግንቦት 2018 ሲያወጣ ከቀደመው የ"ስታር ዋርስ" ፊልም የስድስት ወር ልዩነት እንኳ አልነበረውም። በቀረጻው መካከል የመጀመሪያዎቹ ሁለት አዘጋጆች ተሰናብተው በሮን ሃዋርድ በመተካታቸውና ብዙ ትዕይንቶች እንደገና በመቀረጻቸው ወጪው እጅግ ንሮ ነበር። ፊልሙ 393 ሚሊዮን ዶላር ያህል ብቻ ሸጦ ከ"ስታር ዋርስ" ፊልሞች ለመጀመሪያ ጊዜ ኪሳራ ያስከተለ ሆነ። የኩባንያው ዋና ሥራ አስፈጻሚ የነበሩት ቦብ አይገር በዚያው ዓመት ፊልሞቹ በጥድፊያ መቅረባቸው ስህተት እንደነበር አምነዋል።

አንዳንድ ጊዜም ውድቀቱ ቀስ በቀስ ይመጣል። አምስት ክፍሎች እንደሚኖሩት የመጀመሪያው ፊልም ሳይወጣ የተነገረለት "ፋንታስቲክ ቢስትስ" በ2016 ወደ 814 ሚሊዮን፣ በ2018 ወደ 655 ሚሊዮን፣ በ2022 ደግሞ ወደ 407 ሚሊዮን ዶላር ሸጧል። አራተኛውና አምስተኛው ክፍል አልተሠሩም። የፊልሞቹ ወጪ ሳይቀንስ ተመልካቹ በየክፍሉ ሲቀንስ፣ አራተኛውን ለማቆም ውሳኔ ከመስጠት ይልቅ አለመወሰኑ ብቻ በቂ ሆኗል።

የተሳካላቸው ምን አደረጉ?

ተከታታይ ፊልም መሥራት በራሱ ስህተት አይደለም። ጆርጅ ሉካስ በ1977 ያወጡት የመጀመሪያው "ስታር ዋርስ" የተጀመረው ትግል በድል ተቋጭቶ የሚያልቅ፣ በራሱ ምሉዕ የሆነ ታሪክ ነበር። "ክፍል አራት" የሚለው ጽሑፍ በፊልሙ መክፈቻ ላይ የተጨመረው ተመልካቹ ከተገኘና ተከታዩ ከተሠራ በኋላ በ1981 ነው። ማርቭል በ2008 ያወጣው "አይረን ማን"ም እንዲሁ የአንድን ሰው ታሪክ ጀምሮ የሚጨርስ ሲሆን፣ ስለሚመጡት ፊልሞች በዋነኛነት ፍንጭ የሰጠው የሠራተኞች ስም ዝርዝር ካለፈ በኋላ በምትታይ አጭር ትዕይንት ነበር። ጀግኖቹን ሁሉ በአንድነት ያሰባሰበው "ዘ አቬንጀርስ" የመጣው ከአምስት ፊልሞች በኋላ በ2012 ነው።

ይሁንና ስኬትም ዋስትና አይሆንም። ያው ማርቭል በ2023 ያወጣው "ዘ ማርቭልስ" 206 ሚሊዮን ዶላር ያህል ብቻ በመሸጥ እስከዚያ ጊዜ ከወጡት የሰንሰለቱ ፊልሞች ሁሉ ዝቅተኛው ሆኗል። ከእርሱ የቀደመው "ካፕቴን ማርቭል" በ2019 ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሸጦ ነበር። ኩባንያው ከዚህ በኋላ በ2024 የፊልሞቹን ቁጥር በዓመት ወደ ሁለት፣ ቢበዛ ወደ ሦስት እንደሚቀንስ አስታውቋል።

አስቀድሞ ሁሉንም ክፍሎች መሥራት የሚያዋጣበት ጊዜ መኖሩን የ"ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ" ታሪክ ያስረዳል። ሆኖም በዚያ ሥራ ሦስቱም ክፍሎች ተቀርጸው ስለነበር ተመልካቹ ፍጻሜውን እንደሚያይ የተረጋገጠ ነበር። "ዱን" ደግሞ ሌላ መንገድ መርጧል። በ2021 የወጣው ፊልም የመጽሐፉን ግማሽ ብቻ እንደያዘ በመክፈቻው "ክፍል አንድ" ብሎ ለተመልካቹ በግልጽ ተናገረ። ክፍል ሁለት የተፈቀደውም የመጀመሪያው በአሜሪካ በተከፈተ በቀናት ውስጥ የተመልካቹ ምላሽ ከታየ በኋላ ነው። በ2024 የወጣው ክፍል ሁለት ከ700 ሚሊዮን ዶላር በላይ በመሸጥ ከመጀመሪያው በልጧል።

"የማይታየው ሰው" ከ"ጨለማው ዓለም" ዕቅድ ፍርስራሽ የወጣ ፊልም መሆኑም ሊታወስ ይገባል። ዩኒቨርሳል ሰንሰለቱን ትቶ ለአንድ ታሪክ፣ ለአንድ አዘጋጅና ለአነስተኛ በጀት ዕድል ሲሰጥ በታላቅ በጀት ያላገኘውን ትርፍ አገኘ።

ከፊልም ሥራ ባሻገር

የአንድ ተከታታይ ፊልም መሰረዝ ለተመልካቹ ቅሬታ፣ ለባለ አክሲዮኑ ኪሳራ ነው። በቀረጻ፣ በልብስ ዝግጅትና በዕይታ ቅንብር ለሚሠሩት ባለሙያዎች ግን የእንጀራ ጉዳይ ነው። ለሦስት ክፍሎች ተብሎ የተዘጋጀ ሥራ በአንዱ ሲቆም ቀድመው የሚሰናበቱት በዕቅዱ ላይ ድምፅ ያልነበራቸው ናቸው።

የፑልማን ታሪክ በመጨረሻ ተመልካቹ ዘንድ ደርሷል። ቢቢሲና ኤችቢኦ ከ2019 እስከ 2022 በሦስት ተከታታይ የቴሌቪዥን ምዕራፎች ሦስቱንም መጻሕፍት አሳይተዋል። በ2007 ለክፍል ሁለት ተብሎ ከፊልሙ የወጣው ፍጻሜ የመጀመሪያው ምዕራፍ መዝጊያ ሆኖ በቦታው ቀርቧል። መዘግየቱ ግን አሥራ ሁለት ዓመት ፈጅቷል።

ይህ ትምህርት በፊልም ሥራ ብቻ የሚወሰን አይደለም። ሥራን በምዕራፍ ከፍሎ የሚያቅድ ማንኛውም ተቋም ተመሳሳይ ፈተና ይገጥመዋል። የመጀመሪያው ምዕራፍ ሳይገመገም የሁለተኛው በጀትና ቀን ሲታወጅ፣ በሁለተኛው ይሟላል ተብሎም የመጀመሪያው ጎዶሎ ሲቀር፣ ተጠቃሚው በእጁ የሚያገኘው ጎዶሎውን ብቻ ይሆናል። የመጀመሪያው ምዕራፍ በራሱ ቆሞ ማገልገል ከቻለ ግን ሁለተኛው ቢቀር እንኳ የተሠራው ሥራ ከንቱ አይሆንም፤ ሁለተኛው ቢቀጥል ደግሞ የሚቀጥለው ተጠቃሚው ስለፈለገው ነው።